ኩረጃና አማና፦ አስተማሪ ምን ያድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ የፈተና ኩረጃን መውቀስ ቀላል ነው። የሚከብደው አስተማሪ ሆኖ፣ የኮረጀውን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ «አሁን ምን ላድርገው?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

እኔ በአሶሳ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከ20 የሚያዝ የክፍል ፈተና ሳርም በሁለት ወረቀቶች ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ስሕተት አገኘሁ፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ የመለኪያ አሃዱ በሁለቱም ላይ ተሳስቷል። የአንዱ ወረቀት ባለቤት የክፍሉ አንደኛ ነው። ሌላው ከገጠር ወረዳ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር የቤርታ ልጅ ሲሆን በትምህርቱ ደከም ይላል።

በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለሁለቱም ዜሮ ሰጥቶ ስማቸውን በሰልፍ ላይ ማስጠራት ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነው። ይህኛው ሐሳብ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ፈታኝ ሆኜ ሳለ፣ አንድ ልጅ አጤሬራ ከእጅጌው ሲያወጣ አይቼ «የድኻ ልጅ ነው፣ ይለፍ» በማለት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬያለሁ። ልጁም አለፈ። በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት በውጤት ተሰናበተ። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝ። ያ አክብሮት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ያን ቀን ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተገላገልኩት ራሴን ኖሯል።

እንደ እኔ ፊታቸውን ያዞሩት ጥቂት አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ግንቦት 22 ቀን ተሰረዘ። አዲሱ ቀን ከሰኔ 27 ጀምሮ ሲባል ከዒድ አል-ፊጥር ጋር ስለተጋጨ እኛ ሙስሊሞች አቤት አልን፤ ፈተናውም ወደ ሐምሌ 4 ተላለፈ። ቀኑ ይቀየርልን ብሎ መጠየቅ መብታችን ነበር። የተቀየረልንን ፈተና በእውነት መፈተን ደግሞ ግዴታችን ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ኩረጃ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ከሥር ተሸፍኖ የኖረው ድክመት ወደ ላይ ወጣ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን ሁላችንም በዳዕዋ ሰምተናል። አታላይ ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን መናገራቸውንም እናስታውሳለን። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያደረጉትን ልብ እንበል። በመጀመሪያ ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲነግራቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ለአስተማሪ ሥርዓቱ ከዚህ ይገኛል፤ ጠይቅ፣ የተሸፈነውን ግለጥ፣ ከዚያ ፍረድ።

እኔም ልጆቹን ለየብቻ፣ ሰው በሌለበት ጠየቅኋቸው። ደካማው ልጅ «ቲቸር፣ ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባኝም» አለኝ። ቤቱ የሚናገረው ሩጣንኛ ነው፤ አሁን የሚፈተነው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄዎቹን በአማርኛ ሳነብለት ግማሽ ያህሉን በቃሉ መለሰ። እርጥቡ እህል ይኸው ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ሳስተምረው አላየሁትም።

ጎበዙ ግን «ወንድሜ ነው፤ አንድ ሶፍ ላይ እንሰግዳለን፤ ሲለምነኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» ሲል ተከራከረ። ቁርኣን በመልካም ነገርና በተቅዋ እንድንረዳዳ አዞናል፤ በኃጢአት መረዳዳትን ግን ከልክሎናል። ለወንድሙ መልስ ሰጠው እንጂ ትምህርት አልሰጠውም። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ በሐቅ የተፈተነው ሌላ ወንድሙስ? ደረጃው ከኮራጁ በታች ሲሆን የእርሱን ሐቅ ማን ይመልስለታል?

በመሆኑም የሁለቱንም ወረቀት ሰረዝኩ። ስማቸውን በሰልፍ ላይ አላስጠራሁም፤ ነገሩን ለወላጆቻቸው ብቻ ነገርኩ። ጎበዙ ከዐስር ሰላት በኋላ ጓደኛውን እንዲያስጠናው አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት በሌሎች ጥያቄዎች ፈተንኳቸው፤ ሙሉውን ዋጋ ግን አልሰጠሁም፣ የሚያዝላቸው ከ15 ሆነ። የጎበዙ አባት መጥተው «ልጄ አልኮረጀም፤ ለምን አብሮ ይቀጣል?» ብለው ተቆጡ። «አባባ፣ የጎደለ ሚዛን ያዋሰ ሰው ከሻጩ በምን ይለያል?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ሄዱ። ልጃቸው በዚያ ዓመት ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ወረደ፤ እርሳቸውም እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በቀዝቃዛው ነው። ደካማው ልጅ በኩረጃ 17 አግኝቶ ነበር፤ በድጋሚው 7 አገኘ። ሰባቱ ግን የራሱ ነው፤ ከየት ጀምሬ እንደማስተምረውም ነገረኝ።

ውድ አስተማሪዎች፣ ዝምታችን እዝነት አይደለም፤ አዋርዶ መቅጣትም ልጁን ይበልጥ መሸፈን ያስተምረዋል። ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ማርክ ይዞ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ገባህ?» በሉት። ማርክ የእህሉ ክምር ነው። እጃችንን ከሥሩ የማስገባት አማና አለብን።

ወላሁ አዕለም።