የሚበርሩት አህዮች፦ የኪየቮ ቬሮና ክለብ ዕድገትና ውድቀት ከሒሳብ መዝገብ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ኪየቮ ቬሮና በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቬሮና ከተማ ዳር የሚገኝ ወደ 4,500 ገደማ ነዋሪ ያለው የአንድ ሰፈር ክለብ ነበር። በ1986 አራተኛውን የሊግ እርከን ተቀላቅሎ በ2001 ከፍተኛው እርከን ላይ ደረሰ፤ በ2021 ደግሞ ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተሰረዘ። ይህ ጽሑፍ ክለቡ በመጨረሻ የጠፋው በሜዳ ውጤት ሳይሆን በሒሳብ ጉድለት መሆኑን፣ ያነሣው የአሠራር ስልትም ለውድቀቱ መንገድ መጥረጉን ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሰፈር ሜዳ ወደ ሴሪ ኤ

ክለቡ የተመሠረተው በ1929 ሲሆን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በአካባቢ ውድድሮች ብቻ ይሳተፍ ነበር። ታሪኩ መለወጥ የጀመረው ፓሉዋኒ የተባለው የኬክ ፋብሪካ ባለቤት ሉዊጂ ካምፔዴሊ በ1964 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። በ1986 ወደ ሴሪ ሲ 2 ሲያልፍ ከትንሹ የሰፈር ሜዳው ወጥቶ ከ30,000 በላይ ተመልካች በሚይዘው የቤንቴጎዲ ስታዲየም መጫወት ጀመረ። ስታዲየሙን ይጋራ የነበረው የከተማዋ ነባር ክለብ ከሆነው ከሄላስ ቬሮና ጋር ነው።

ካምፔዴሊ በ1992 በድንገት ሲሞቱ ልጃቸው ሉካ በ23 ዓመታቸው ኃላፊነቱን ተረከቡ። በአሰልጣኝ አልቤርቶ ማሌሳኒ ዘመን፣ በ1994፣ ክለቡ ሴሪ ቢ ገባ፤ በ2001 ደግሞ በሉዊጂ ዴልኔሪ እየተመራ ወደ ሴሪ ኤ አደገ። የሄላስ ደጋፊዎች ቀደም ሲል «ኪየቮ ሴሪ ኤ የሚገባው አህያ ሲበር ነው» እያሉ ያፌዙ ነበር። ዘለፋው ውሎ አድሮ የክብር ስም ሆነ፤ የክለቡ ደጋፊዎችም ራሳቸውን «የሚበርሩ አህዮች» ብለው ጠሩ።

የመጀመሪያው የሴሪ ኤ ጨዋታ ፊዮሬንቲናን በሜዳው 2 ለ 0 በማሸነፍ ተጀመረ። ክለቡ ለሳምንታት ሊጉን መርቶ በ54 ነጥብ አምስተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ የዩኤፋ ዋንጫ ተሳታፊነትን አገኘ።

2. ያነሣው ስልት

የዚህ ዕድገት ምንጭ የገንዘብ ብዛት አልነበረም። የስፖርት ዳይሬክተሩ ጆቫኒ ሳርቶሪ ሌሎች የናቋቸውን፣ በታችኛው ሊግ የተረሱትን ወይም በትልልቅ ክለቦች ዕድል ያላገኙትን ተጫዋቾች በአነስተኛ ዋጋ እየመለመሉ፣ አቅማቸው ሲታወቅ በተሻለ ዋጋ የመሸጥ አሠራር ዘረጉ። በ2006 ከኢጣሊያ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሡት ሲሞኔ ፔሮታና አንድሬያ ባርዛሊ በኪየቮ ተጫውተው በ2004 ወደ ሌሎች ክለቦች የተዛወሩ ናቸው።

ስልቱ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው የምልመላው ዐይን ሳያቋርጥ የተሳካ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ክለቡ ሴሪ ኤ ውስጥ መቆየቱ ነው፤ ምክንያቱም የስታዲየም ገቢው እጅግ አነስተኛ በሆነ ክለብ ላይ ዋናው የገቢ ምንጭ የቴሌቪዥን ክፍያ ነው። ከ2010 ጀምሮ የስርጭት መብት በጋራ ሲሸጥ፣ በመጀመሪያው ቀመር መሠረት 40 በመቶው ለሁሉም ክለቦች እኩል ይከፋፈል፣ 30 በመቶው በውጤት፣ 30 በመቶው ደግሞ በደጋፊ መጠንና በከተማ ሕዝብ ብዛት ይደለደል ነበር። የመጨረሻው መስፈርት የሰፈር ክለብን አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው ግን ያኖረዋል። ስለዚህ ለኪየቮ ከሊጉ መውረድ ከስፖርት ሽንፈት በላይ የገንዘብ አደጋ ነበር። ክለቡ በ2007 ቢወርድም በዓመቱ ተመልሶ እስከ 2019 ድረስ በሴሪ ኤ ቆየ። ሳርቶሪ ግን በ2014 ወደ አታላንታ ሄዱ፤ ከሁለቱ ምሰሶዎች የመጀመሪያው በዚህ ተናጋ።

3. በወረቀት ላይ ያለ ትርፍ

ተጫዋችን በመሸጥ የሚገኝ ትርፍ በኢጣሊያ «ፕሉስቫሌንዛ» ይባላል። አሠራሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ክለቦች በመዝገባቸው ላይ ዋጋቸው ዜሮ የሆኑ ሁለት ወጣት ተጫዋቾችን እያንዳንዳቸውን በ5 ሚሊዮን ዩሮ ተምነው ቢለዋወጡ፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት የ5 ሚሊዮን ትርፍ ይመዘግባሉ። የገዙት ተጫዋች ወጪ ግን በውሉ ዘመን ይከፋፈላል፤ ውሉ የ5 ዓመት ከሆነ በየዓመቱ የሚታየው 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ገንዘብ የለም። የዛሬው ሚዛን ይስተካከላል፤ ሸክሙ ግን ለነገ ይተላለፋል፤ ነገም ሌላ ልውውጥ ይጠይቃል።

በ2018 የኢጣሊያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዐቃቤ ሕግ ኪየቮንና ቼዜናን የወጣት ተጫዋቾችን ዋጋ ከልክ በላይ አንረው በመለዋወጥ ከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ 15 ነጥብ እንዲቀነስ ቢጠይቅም፣ የመጀመሪያው ክስ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተቀባይነት አጣ። በመስከረም ወር የተሰጠው ውሳኔ የ3 ነጥብ ቅነሳ ሆነ። ቼዜና በዚያው ክረምት በኪሳራ ፈርሶ ነበር።

ኪየቮ የ2018–19 ውድድርን በ2 ድል፣ በ14 አቻና በ22 ሽንፈት፣ በ17 ነጥብ የመጨረሻ ሆኖ ፈጸመ። የተቀነሱት 3 ነጥቦች ቢመለሱለት እንኳ 20 ነጥብ ከመውረድ አያድነውም ነበር። ስለዚህ ለመውረዱ ምክንያት ቅጣቱ ነው ማለት አይቻልም። ቅጣቱ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ክለቡ በጥሬ ገንዘብ የማይገኘውን ሚዛን በመዝገብ ለማግኘት መሞከሩን።

4. የ2021 መሰረዝ

በኢጣሊያ አንድ ክለብ በየዓመቱ የውድድር ፈቃድ ለማግኘት ደመወዝና ግብር መክፈሉን ማረጋገጥ አለበት፤ በዚያን ጊዜ ማመልከቻውን ይመረምር የነበረው ኮቪሶክ የተባለው የፌዴሬሽኑ የሒሳብ ቁጥጥር ኮሚሽን ነው። ኪየቮ በ2020–21 በሴሪ ቢ ስምንተኛ ሆኖ ወደ ሴሪ ኤ የማለፊያ የመለያ ጨዋታ ደርሶ በቬኔዚያ ተሸነፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ባልተከፈለ የተጨማሪ እሴት ታክስ ዕዳ ምክንያት ፈቃድ ተከለከለ። ክለቡ በወረርሽኙ ጊዜ የክፍያ መርሐ ግብሩ መታገዱን በመጥቀስ ተከራከረ፤ ሆኖም የስፖርቱ የይግባኝ አካልም ሆነ የአስተዳደር ፍርድ ቤቶች አቤቱታውን አልተቀበሉም። ቦታው ለኮዜንሳ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ከሌላ የተአምር ክለብ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በአብሩዞ ተራሮች የሚገኘው የካስቴል ዲ ሳንግሮ ክለብ በ1996 ሴሪ ቢ ገብቶ በ1998 በሜዳ ተሸንፎ ወረደ። ደጋፊው የውድቀቱን ምክንያት በዐይኑ አይቷል። የኪየቮ ደጋፊ ግን ቡድኑ ለዕድገት ሲፎካከር ባየበት ዓመት፣ በማያውቀው መዝገብ ምክንያት ክለቡን አጣ።

5. ማጠቃለያ

የ2018ቱና የ2021ዱ ጉዳዮች በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሐሰተኛ ትመናን፣ ሌላው ያልተከፈለ ግብርን ይመለከታል። በኢኮኖሚ ረገድ ግን ሁለቱም አንድ ጉድለትን ያመለክታሉ፤ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ትርፍ ግብር አይከፍልም። ተጫዋችን በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ እውነተኛ ዕውቀት በሆነበት ዘመን ክለቡን አሳደገው፤ የዚሁ ንግድ ቅርጽ ብቻ ሲቀር ጉድለቱን ሸፈነለት። አጥኚዎች የትንንሽ ክለቦችን ጤንነት ሲመዝኑ ከደረጃ ሰንጠረዥና ከዓመታዊ ትርፍ ይልቅ የጥሬ ገንዘብ ፍሰትን ቢያስቀድሙ እንዲህ ያለውን ውድቀት ቀድመው ሊያዩት ይችላሉ።

የክለቡ ስም ግን አልጠፋም። ለረጅም ዓመታት የቡድኑ አጥቂ የነበሩት ሰርጂዮ ፔሊሲየር በ2021 ከዝቅተኛው የአማተር እርከን የሚጀምር አዲስ ክለብ አቋቋሙ፤ በ2024 ደግሞ የቀድሞውን ክለብ ስምና ዓርማ በሐራጅ ገዝተው መለሱ። ከኪሳራው ንብረት መካከል ደጋፊዎች ሊያድኑት የፈለጉት ይህ ስም ነበር፤ በተጫዋቾች ልውውጥ መዝገብ ውስጥ ግን ዋጋ ተተምኖለት አያውቅም።