እስረኛን ለመጠየቅ ስለ መዘጋጀት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በኋለኛው ቀን ጻድቃንን ከኃጥኣን ሲለይ ከሚመረምራቸው ምግባራት አንዱ እስረኛን መጠየቅ መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 አስተምሮናል። በዚያ ትምህርት የታሰረው ሰው በድሏል ወይስ አልበደለም የሚል ምርመራ የለም፤ ጌታ ራሱን በእስረኛው ስፍራ አድርጎ ተናገረ እንጂ። ይህን ትእዛዝ ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ከቤተ ዘመዱ ወይም ከጎረቤቱ ሰው የታሰረበት ምእመን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማረሚያ ቤት ለመሄድ ሲነሣ ምን ይዞ፣ ምን ብሎ፣ በምን ልቡና እንደሚሄድ ይቸግረዋል። ስለዚህም አንዳንዱ በኀፍረት ሳይሄድ ይቀራል፤ ሌላውም ሳይዘጋጅ ሄዶ ሊያጽናና የሄደበትን ሰው አቍስሎ ይመለሳል።

ለዚህ ነገር ከእኛው አገር የተገኘ መምህር አለን፤ እርሱም አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊ ነው። ታሪኩ በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 38 ተጽፏል። ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ተጥሎ በረኃብ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ አቤሜሌክ ያደረገውን በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ አቤሜሌክ ፈቃድ ጠየቀ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ወደ እርሱ ቀርቦ በግልጥ ተናገረ እንጂ በስውር አልሄደም። ዛሬም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት ያለውን ወንድሙን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው የመጠየቂያውን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ አጣርቶ ሊነሣ ይገባዋል። ያን ያህል መንገድ ሄዶ ከበር መመለስ ለጠያቂውም ለእስረኛውም ኀዘን ነውና። መታወቂያውን ይያዝ፤ ስልክና ስለት ያለውን ነገር ይተው። ሲፈትሹት አይቈጣ፤ ያመጣውን ምግብ ቀምሰህ አሳይ ቢሉትም እንደ ስድብ አይቍጠረው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በወዳጆቹና በሃይማኖት አማካሪዎቹ የመጠየቅ ዕድል እንዲኖረው ደንግጓል። ስለዚህ ካህን የንስሐ ልጁን ለመጠየቅ ሲሄድ በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ ፍርሃት ይጠይቅ። ኑዛዜ የሚቀበልም ከሆነ ሌላ ሰው የማይሰማበትን ስፍራ አስቀድሞ ያስፈቅድ።

ሁለተኛ፤ አቤሜሌክ የሚያስፈልገውን ዐውቆ ሄደ። በንጉሡ ትእዛዝ ሠላሳ ሰዎች ይዞ፣ ገመድ አዘጋጅቶ ሄደ እንጂ ብቻውን ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ አላለቀሰም። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮም ታስሮ ሳለ ጢሞቴዎስን የለመነው በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ነው፤ ክረምትም ሳይገባ እንዲመጣ አሳሰበው (2ኛ ጢሞ. 4)። እስረኛ የሚቸግረው ብርድና ብቸኝነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። እንግዲህ ጠያቂ አስቀድሞ ወደ እስረኛው ቤት ይሂድና ምን እንደ ጎደለው ይጠይቅ። ሚስቱና ልጆቹም ሳይታሰሩ እንደ ታሰሩ ናቸውና፤ ያልታረሰ እርሻቸውን፣ ያልተከፈለ ዕዳቸውን ይመልከት። ለደጋ ብርድ ጋቢ፣ ለንጽሕና ሳሙና፣ ለቀናት የሚቈይ ቆሎና በሶ ከብዙ ድግስ ይሻላል። ጾም ከሆነም የጾም ምግብ ይያዝ። ይህም ለአንድ ሰው ሸክም እንዳይሆን የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባላት ካህናት በሰሞን እንደሚፈራረቁ ተራ ይግቡ።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ አቤሜሌክ ከንጉሡ ቤት አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይቈርጠውም ከብብቱ በታች እንዲያደርገው ነገረው። ገመድ ያወጣል፤ ጨርቅ የሌለው ገመድ ግን እያወጣ ያቈስላል። ለእኛ ጨርቁ የቃላችን ልስላሴ ነው። በመጀመሪያ ቀን «አድርገኸዋል ወይስ አላደረግኸውም?» ብሎ መጠየቅ ባዶ ገመድ ነው። በፖሊስ ጣቢያ ለምርመራ የተያዘ ሰው ገና አልተፈረደበትም፤ በሕግም እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቈጠራል። በገበያ የተሰማውን ወሬ ይዞለት መሄድም አይገባም፤ በወሬ የሚፈርድ ገበያተኛ ምስክር ሰምቶ አይደለምና። የክርክሩ ነገር ለጠበቃው ይተው፤ ምሥጢሩም ለንስሐ አባቱ። ጠያቂ ግን የልጆቹን ደኅንነት፣ የዘመኑን አዝመራ፣ የደብሩን በዓል ይንገረው፤ ከሁሉም አብልጦ ያዳምጠው። የሞት መርዶ ቢኖር ከቤተ ዘመዱና ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይመካከሩ ሰው በተሰበሰበበት በር ላይ አይነገርም፤ የሚያለቅስበት ስፍራና የሚደግፈው ሰው ያስፈልገዋልና።

«የታሰረ ሁሉ ክፉ ነው» የሚልም ቢኖር ታሪክ ይመልስለት። ወህኒ የሚለው ስም የመጣው በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ነው፤ እነዚያም ከመወለዳቸው በቀር ሌላ በደል አልነበራቸውም። በዘመናችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታስረው በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ።

ሆኖም በእውነት የበደለም አለ፤ የካህን ፈተና የሚጸናውም እዚህ ላይ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው በሞተ ጊዜ የገዳይም የሟችም ቤት የአንድ ካህን የንስሐ ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ካህኑ ገዳዩን ቢጠይቅ የሟች ወገን «ደማችንን ረሳው» ይላል፤ ባይጠይቅ የጌታውን ትእዛዝ ይተላለፋል። ምን ያድርግ? አስቀድሞ ወደ ሟች ቤት ይሂድ፤ ከኀዘንተኞች ጋር ይቀመጥ፤ ወደ እስረኛው የሚሄደውም በደሉን ለማቅለል ሳይሆን ነፍሱ እንዳትጠፋ መሆኑን በግልጥ ይንገራቸው። በስውር የሄደ እንደ ሆነ ጥርጣሬን ይዘራል፤ ተናግሮ የሄደ ግን ምናልባት በኋላ ለሚመጣው ዕርቅ መንገድ ይጠርጋል። በእስር ቤትም ለገዳዩ የሟቹን ልጆች ኀዘን አይሰውርበት፤ ንስሐ የሚጀመረው የሌላውን ዕንባ ከማየት ነውና።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስተውል። ኤርምያስ ከጉድጓዱ ቢወጣም በግዞት ቤት አደባባይ ተቀመጠ እንጂ ነጻ አልወጣም። አቤሜሌክ እስራቱን አልፈታለትም፤ ከጭቃው ግን አወጣው። ስለዚህ ጠያቂ «አስፈታሃለሁ» ብሎ የማይችለውን ተስፋ አይስጥ። ይልቁንም ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ይንገረው፤ በዚያም ቀን ይምጣ። የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከወህኒ በወጣ ጊዜ ዮሴፍን ስለ ረሳው ዮሴፍ ሌላ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ ለእስረኛ መረሳት ሁለተኛ እስራት ነውና። አቤሜሌክ ግን ዋጋውን አላጣም፤ ኢየሩሳሌም በምትጠፋበት ቀን እንደሚድን የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ገና በግዞት በነበረው በኤርምያስ አፍ ነው (ኤር. 39)። በረከትን ይዞ የሄደ በረከትን ተቀብሎ ተመለሰ። እኛንም እንዲሁ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።