በበረት የሌሉትን ማን ይቁጠር? ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጻፍ የመሣሪያ መግለጫ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወዳለ አንድ የገጠር ቀበሌ ከብት ቆጣሪ በእኩለ ቀን ደረሰ እንበል። «አባባ፣ በበረትዎ ስንት ከብት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አዛውንቱ ገበሬ «አሁንስ አንድም የለም» ቢሉት አልዋሹም። በሬዎቹ ተጠምደዋል፤ ላሞቹ መስክ ናቸው፤ አንዲት ጊደርም ለጎረቤት በርቢ ተሰጥታለች። ቆጣሪው «ዜሮ» ብሎ ቢመዘግብ ግን ባለ ብዙ ከብቱን ገበሬ ከብት አልባ ያደርጋቸዋል። ስሕተቱ የመነጨው ቆጠራው ምንን እንደሚያካትትና ምንን እንደሚተው አስቀድሞ ባለመነገሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይኸው ችግር በኮምፒውተር ዓለም እንዴት እንደሚከሠት እንመለከታለን።

ቨርቹዋል ማሽን

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት የሚፈጠር፣ የራሱ ዲስክና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ሌላ ኮምፒውተር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ኤም./370 የተባለውን ሥርዓት ያስተዋወቀው በ1972 እ.ኤ.አ. ነበር። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሲዘጋ ሥራውን ያቆማል እንጂ አይወገድም፤ ዲስኩ በፋይል መልክ በቦታው ይቆያል።

ወኪሉ የሚያውቀው የተነገረውን ነው

ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ጽሑፍ ከማዘጋጀት አልፈው ኮምፒውተሮችን ያስተዳድራሉ። ይህን የሚያደርጉት «መሣሪያ» በሚባሉ አነስተኛ ፕሮግራሞች ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ለሞዴሉ የሚቀርበው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር ነው። ሞዴሉ እነዚህን ያነብባል እንጂ ከበስተ ኋላ ያለውን ኮድ አያይም። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ግራ ሲገባው ባልደረባውን ይጠይቃል፤ ወኪሉ ግን ያልተጻፈውን በግምት ሊሞላው ይችላል።

የግምቱን ዋጋ በምሳሌ እንይ። አንድ ኮሌጅ በአንድ ሰርቨር ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉት እንበል፦ የቤተ መጻሕፍት፣ የድረ ገጽና የሬጅስትራር። የሬጅስትራሩ ማሽን ከምዝገባ ወቅት ውጭ ይዘጋል። ወኪሉ «ባለቤት የሌላቸውን ዲስኮች ሰርዝ» ተብሎ ቢታዘዝና መሣሪያው በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ቢዘረዝርለት፣ የሬጅስትራሩ ዲስክ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። የተማሪዎች ውጤትም በአንድ ትእዛዝ ይሰረዛል።

መግለጫው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የተዘጉት ይካተታሉን? በሊብቨርት ሥርዓት «ቨርሽ ሊስት» የተባለው ትእዛዝ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ያሳያል፤ የተዘጉትን ለማየት «ኦል» የሚለው አማራጭ መጨመር አለበት።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ሙሉ ነውን? የጎግል ክላውድ የማሽን ዝርዝር በነባሪነት በአንድ ገጽ ከ500 አይበልጥም። የቀረው በቀጣዩ ገጽ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ባዶ መልስ ምን ማለት ነው? «ማሽን የለም» እና «ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም» ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

አራተኛ፣ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩ.ቲ.ሲ.) 5 ሰዓት ነው። መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. የምንለውም ኦክቶበር 9 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው።

አምስተኛ፣ ቃሉ አሻሚ አይደለምን? በአማርኛ «የጠፋ ማሽን» ስንል ኃይሉ የተቋረጠ፣ ያለበት ያልታወቀ ወይም ጨርሶ የተወገደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ «የተዘጋ» እና «የተሰረዘ» በማለት ለይተናል።

እነዚህን የሚያሟላ መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ይህ መሣሪያ በተጠቀሰው ሰርቨር ላይ ያሉትን ቨርቹዋል ማሽኖች ይዘረዝራል፤ ምንም ነገር አይለውጥም። በነባሪነት የሚያሳየው በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው፤ የተዘጉትንም ለማየት ‹ሁሉንም› የሚለውን ምረጥ። በአንድ ጊዜ እስከ 50 ማሽኖች ይመልሳል፤ የቀጣይ ገጽ ምልክት ካለ እንደገና ጥራ። ሰርቨሩ ካልተገኘ ባዶ ዝርዝር ሳይሆን የስሕተት መልእክት ይመልሳል። ጊዜ የሚገለጸው በዩ.ቲ.ሲ. ነው።»

ሆኖም ጥሩ መግለጫ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የመዘርዘር ፈቃድ ከመሰረዝ ፈቃድ ሊለይ፣ መሰረዝም በሰው ማረጋገጫ ሊታሰር ይገባል።

ለመለማመጃ

ከላይ ያለው መግለጫ አንድ ነገር ትቷል፤ ጊደሯን እናስታውስ። የአንዱ ክፍል ንብረት የሆነ ማሽን በሌላ ሰርቨር ላይ ቢኖር ዝርዝሩ ያሳየዋልን? አንባብያን ወኪሉ እንዳይሳሳት የሚያደርገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው መግለጫውን ያሟሉ። የጻፉትንም ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ጓደኛ ያስነብቡ፤ ጓደኛው ሳይጠይቅ ከተረዳ መግለጫው ለወኪሉም ይበቃዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።