ለጠገራ ሰብሳቢው ልጄ

ልጄ፣ ከቡሬ ገበያ ገዝተህ ያሳየኸኝን ጠገራ ብር ሳይ ደስ አለኝ። እንግዲህ ሰብሳቢ ልትሆን ከቆረጥህ ስማኝ።

1. በአመድና በሎሚ አትፈትገው። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ከለቀቀ አይመለስም።

2. 1780 የሚለውን አይተህ ያን ያህል ያረጀ አይምሰልህ። ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጆች 1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ፤ በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይም። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አስመታው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጃንሆይን ይዞ ከሱዳን የገባው ጦር ይህንኑ ማርትሬዛ በግመል ጭኖ መጣ፤ የካቲት ማብቂያ ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሸሸ። ስለዚህ ያንተ ጠገራ ወራሪው የበተነው ይሁን ለአርበኛ የተከፈለ፣ መልኩን አይቶ የሚለይ ብዙ ሰው የለም። ሻጩን ጠይቅ፦ ከማን ቤት ወጣ? ጥሎሽ ነበር? የእህል ዋጋ? የነገረህን ዕለቱን ጻፈው። ያልተጻፈ ጠገራ ለእኔ የብር ቁራጭ ነው።

3. ጣሊያን ለኤርትራ ያስመታውን ብር ካገኘህ አትለፈው። የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበት ነው፤ 1891 ወይም 1896 ይላል። ከመቶ 80 እጁ ብር ነው፤ የማርትሬዛ 83 ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን የሚመስል ሌላ አስመታ። ገበያተኛው ሁለቱንም አልወደዳቸውም፤ አባቶቻችን በጌጧ ላይ ያለውን ዕንቁ ሳይቀር እያዩ የሚቀበሉ ነበሩ። አስመስሎ የሚሠራ ስላለ ግን ሳታስመዝን አትክፈል፤ ደኅና ጠገራ 28 ግራም ገደማ ነው።

4. ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ሲገጥምህ አንበሳው ያነሣው ግራ እግሩን ይሁን ቀኙን እይ፤ ሁለት ዓይነት ነው።

5. ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ከሆነ ለባህል ቢሮ አሳውቅ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ ላክልኝ ቢልህም እንቢ በል።

6. አንጥረኛ ሊያቀልጠው የያዘውን ካየህ ለምነህም ቢሆን አስጥለው። ስንቱ ጠገራ አልቦና መስቀል ሆኖ ቀረ! ማንጠልጠያ የተበየደለትንም አትናቅ፤ ሰብሳቢዎች ዋጋው ወርዷል ይሉሃል፣ እኔ አልስማማም። የእናቴ አንገት ላይ የነበረው እንዲህ ያለ ነው። ለፋሲካ ስትመጣ እሰጥሃለሁ። ማንጠልጠያውን አታስቆርጠው፤ ደብተርህንም ይዘህ ና።