የቂጥኝ ምርመራና ሕክምና፦ የንስሐ አባትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ



ለጋብቻ ከሚዘጋጁ ወጣቶች የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት መጠየቅ በብዙ አጥቢያዎች የተለመደ ሆኗል። ስለ ቂጥኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስሙ ራሱ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ምእመኑ ለመናገር ያፍራል፤ ካህኑም አንሥቶ ለመጠየቅ ይቸገራል። በሽታው በጥቂት የደም ጠብታ የሚታወቅ፣ በታወቀ መድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ዛሬም ጽንስ ያጠፋል፣ ትዳር ያፈርሳል። ይህ ጽሑፍ በጉባኤያችሁ ተነብቦ እንድትወያዩበት የቀረበ ነው።

ቂጥኝ ትሬፖኔማ ፓሊዱም በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። በአብዛኛው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ጽንስ ነው። በጨረቃ በመሽናት አይመጣም፤ ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ መስቀል በመሳለም ወይም በጸበል ቦታ አብሮ በመሰንበትም አይተላለፍም።

በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ሳምንት ገደማ፣ በገባበት ስፍራ ሕመም የሌለው ቁስል ይወጣል። በሴቶች ላይ ቁስሉ በውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ያልፋል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥም ያለ ምንም ሕክምና ይሽራል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በገላ ላይ፣ በተለይም በመዳፍና በውስጥ እግር፣ ብዙ የማያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ትኩሳት፣ የዕጢዎች እብጠትና የፀጉር በየቦታው መመለጥ ሊታከልበት ይችላል። ይህንን ብዙ ሰው ምች ነው ብሎ ያልፈዋል። እርሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምልክት የሌለው ዝምታ ይሆናል።

አባቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ይህንን ዝምታ ነው። ቁስሉ በወጣበት ሰሞን ታማሚው ጸበል ተጠምቆ ወይም ቅጠል ቀብቶ ከሆነ፣ ሲሽርለት ድኛለሁ ብሎ ማመኑ አያስደንቅም። ይህን የምንለው የእግዚአብሔርን ቸርነት ለመከራከር አይደለም፤ ቁስሉ ምንም ያላደረገ ሰው ላይም የሚከስም ስለሆነ፣ መክሰሙ ብቻውን የመዳን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ካልታከሙት ሰዎች ሲሶ ገደማ በሚሆኑት ላይ በሽታው ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ በልብ ዋና የደም ሥር፣ በአንጎል ወይም በአጥንት ላይ ጉዳት ያደርሳል። ዓይንንና ነርቭን ደግሞ ከዚያ አስቀድሞም ሊያጠቃ ይችላል። ጸበልና መድኃኒት አይጋጩም የሚለው ትምህርት ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም፤ በኤች አይ ቪ ጉዳይ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው በይፋ የተናገሩት ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ለሐኪም የተሰጠውን ስፍራም ሰባክያን ያውቁታል።

ስለ ምርመራው

ፈጣኑ ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረግ ሲሆን ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። ቂጥኝንና ኤች አይ ቪን በአንድ ጊዜ የሚለይ መመርመሪያም አለ፤ የቂጥኝ ቁስል ለኤች አይ ቪ በር ስለሚከፍት ሁለቱን አብሮ መመርመር ተገቢ ነው። ለመቍረብ የተዘጋጀ ምእመን ደም መሰጠቱ ቢያሳስበው ሌላ ቀን ይምረጥ እንጂ ምርመራውን አይተወው።

አንድ ነገር በጥንቃቄ መታወቅ አለበት። ቀድሞ ታክሞ የዳነ ሰው በፈጣኑ ምርመራ ለብዙ ዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ፣ እንደ ታማሚ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለተክሊል የተዘጋጀ ወጣት በዚህ ውጤት ብቻ መከልከል ወይም መነቀፍ የለበትም። አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል የተባለው ሌላው የደም ምርመራ በሽታው አሁን መኖሩንና ሕክምናው መሥራቱን ለማመዛዘን ይረዳል። የታከመ ሰውም የሕክምና ካርዱን በደንብ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ስለ ሕክምናው

ዋናው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በሽታው በቅርብ ጊዜ የገባ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በጡንቻ ላይ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የቆየ ከሆነ ወይም መቼ እንደገባ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ይሰጣል። ፔኒሲሊን ለዚህ በሽታ መዋል ከጀመረ 80 ዓመት ቢያልፈውም ባክቴሪያው እስካሁን አልተላመደውም። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ እንክብል ግን ምትኩ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊያጋጥም ይችላል፤ ይህ ባክቴሪያው ሲሞት የሚመጣ ስለሆነ አንድ ቀን ቆይቶ ያልፋል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ለጤና ባለሙያዋ ትንገር። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የታከመ ሰው ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ቁስል ካለውም እስኪሽር፣ ከግንኙነት ይታቀባል፤ የትዳር ጓደኛውም መታከም ይኖርበታል። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይገባል።

ስለ ባልና ሚስት

ለንስሐ አባት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ነፍሰ ጡሮች በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለሚመረመሩ በቤተሰቡ ውስጥ ውጤቷ መጀመሪያ የሚታወቀው ሚስት ናት። በዚህም ምክንያት መጀመሪያ የምትከሰሰው እርሷ ትሆናለች። ባል ሳይመረመር «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ይላል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ የንስሐ አባትም ይጠራሉ። አባቶች በዚያ ጉባኤ ላይ ማስረዳት የሚገባቸው፣ የደም ምርመራው በሽታው መኖሩን እንጂ መቼና ከማን እንደመጣ የማያሳይ መሆኑን ነው። በሽታው ከጋብቻ በፊት ገብቶ ለዓመታት በዝምታ የቆየ ሊሆን ይችላል። በውጤት ወረቀት ተመርኩዞ በዝሙት መፍረድ ስለዚህ ስሕተት ነው፤ በእኔ አስተያየት ኃጢአትም ነው።

ካህኑ ወረቀቱን መጠየቅ፣ ወይም የአንዱን ምሥጢር ለሌላው ማድረስ አይገባውም። ሁለቱ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱና በባለሙያው ፊት እንዲነጋገሩ ቢመክር ይበቃል። ሚስት ድብደባ ወይም ከቤት መባረር የምትፈራ ከሆነ ነገሩን እንዴት እንደሚያሳውቁ የጤና ባለሙያዎቹ ከእርሷ ጋር ይመክሩበት፤ ካህኑ አያስቸኩል።

ስለ እናትና ሕፃን

ያልታከመ ቂጥኝ ካለባቸው እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለከባድ ጉዳት ይዳረጋሉ፦ ጽንሱ ይጠፋል፣ ሕፃኑ ሞቶ ወይም ያለ ጊዜው ይወለዳል፣ ወይም በሽታውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እናት እርግዝናዋን እንዳወቀች ክትትል መጀመር አለባት፤ 5 እና 6 ወር መጠበቅ አይገባም። ነፍሰ ጡር የምትታከመው በፔኒሲሊን ነው፤ ጽንሱንም የሚያድንላት እርሱ ነው። ሕክምናው ወደ መውለጃዋ ተጠግቶ ከተሰጠ ግን ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም መመርመር አለበት።

በሽታውን ይዘው የሚወለዱ ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ምልክት አይታይባቸውም፤ የሚታየው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና የሚመጡት በዚሁ ጊዜ ነው። የማያቋርጥ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሚላጥ ሽፍታ፣ ሲነኩት የሚያለቅስበት ወይም የማያንቀሳቅሰው ክንድ ያለው ሕፃን ሲመጣ፣ አጥማቂው ካህን ምክንያቱን በሰው ፊት ሳይጠይቁ ወላጆቹን ለብቻ ጠርተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይንገሯቸው።

ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት አንድ አባል ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ልኮ ሦስት ነገር ያስጠይቅ፦ የቂጥኝ ምርመራ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሰጥ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መኖሩን፣ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር ሲመጡ ማን እንደሚያስተናግዳቸው። መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ ስለሚያጋጥም፣ ሌላ የት እንደሚገኝም አብሮ ይጠየቅ።