ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር

ጥያቄ፦ ባለካርቡራተሯ አሮጌ ኮሮላዬ በሚኒሞ ደህና ትሠራለች፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የኩልመስክ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ትጠፋለች። ከፍታው ይሆን?

መልስ፦ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ከፍታው ግን ድሮም ነበረ፣ በቅርብ የጀመረን ብልሽት ብቻውን አያስረዳም። በሚኒሞ መሥራቷ የሚያስጠረጥረው የነዳጅ እጥረትን ነው፤ ጥቂት ነዳጅ ይበቃታልና። ካንዴላ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአየር ማጣሪያውን አንሥተው የነዳጅ መስጫውን ያስረግጡ፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን ካልተረጨ ጥፋቱ የመርጫው ፖምፓ ሳይሆን አይቀርም። ከተረጨና የምትጠፋው ዳገቱን ጥቂት ከገፋች በኋላ ከሆነ የቤንዚን ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ቆሻሻ አያጣውም። «ካንዴላም እኮ ያጠፋል» ቢሉ እውነት ነው፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ያስነጥሳታል። አዲስ ፊልትሮም ካልፈታው የታንከሩን ክዳን አላልተው ይሞክሩ፤ ከተሻላት መተንፈሻው ተደፍኗል፤ ካልተሻላት የቤንዚን ፖምፓው ይፈተሽ።