ክርስቲያን ለሞተው ወዳጁ እንዴት ያዝን ዘንድ ይገባዋል?

ለጥናት የሚነበብ፦ 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 13 እስከ 18፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11፤ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15።

ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ ለነበሩት ምእመናን ስለ ሙታን ሲጽፍላቸው ልቅሶን አልከለከለም፤ የከለከለው ተስፋ የሌለውን ሰው ልቅሶ ነው። እነዚያ ሰዎች ጌታ ፈጥኖ ይመጣል ብለው ሲጠባበቁ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሞቱባቸውና፥ የሞቱት ከጌታ መምጣት በረከት የሚቀሩ መስሎአቸው ተጨንቀው ነበር። ሐዋርያውም አይቀሩም፥ እንዲያውም ቀድመው ይነሣሉ ብሎ አጽናናቸው። እንግዲህ ይህ ቃል አስቀድሞ የተጻፈው ለክርክር ሳይሆን ለልቅሶ ቤት ነው፤ እኛም የምንመረምረው በልቅሶ ቤት ምን ልናደርግ እንደሚገባን ለማወቅ ነው።

ከእኛ መካከል አንዱ፥ አማኝ ነኝና እንባ አይገባኝም ብሎ ልቡን ያደነድናል፤ ሌላው ደግሞ እሑድ በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን ትንሣኤ ሲመሰክር ቈይቶ፥ ሰኞ በልቅሶው መካከል ምንም እንዳልሰማ ሰው ይሆናል። ሁለቱም ስተዋል። ጌታችን ኢየሱስ ወደ አልዓዛር መቃብር በመጣ ጊዜ ጥቂት ቈይቶ እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አለቀሰ። የሚያስነሣው እርሱ ራሱ ሳለ ካለቀሰ፥ ማስነሣት የማንችል እኛ ብናለቅስ ማን ይነቅፈናል? እንባ የእምነት ጕድለት ምልክት አይደለም። ፊትን መቧጨር፥ ደረትን እስኪያብጥ መድቃት፥ ገላን መተልተል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ በሙሴ ሕግ እንኳ ለእስራኤል ልጆች ተከልክሎ ነበር (ዘሌዋውያን 19፥28፤ ዘዳግም 14፥1)።

ስለ ሞት መጽሐፍ ቅዱስ የሚነግረን ነገር አጭርና ግልጥ ነው። ሞት በሰው ላይ የመጣው በኃጢአት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ነገር ነው ብለን አናቃልለውም፥ ጠላት ነው እንላለን። ይህ ጠላት ግን በክርስቶስ ትንሣኤ ተሸንፎአል። በጌታ አምኖ የሞተ ሰው ከሥጋው በተለየ ጊዜ ከጌታው አይለይም፤ ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ በዚያው ቀን ከእርሱ ጋር እንደሚሆን ተነገረው፥ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ከዚህ ዓለም መለየትን ከክርስቶስ ጋር መሆን አድርጎ ቈጠረው። የመጨረሻው ተስፋችን ግን የነፍስ ዕረፍት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» ካለ በኋላ ስለ ሥጋ ምንም አያስብም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የሥጋን ትንሣኤ ታምናለች።

ጳውሎስ ይህን በዘር መስሎ አስተማረ። በኑኑ ቁምባና በወለጋ አገር ሁሉ የሚያርስ ሰው ምሳሌውን ከከተማ ሰው ይልቅ ያውቀዋል። የጤፍ ዘር በመዳፍ ላይ ሲታይ ከአቧራ የሚለይ አይመስልም፤ በሰኔና በሐምሌ በጭቃ ላይ ተበትኖ ይጠፋል፤ በመስከረም ግን ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የወጣው ነገር የተዘራው ራሱ ነው፥ መልኩ ግን ያው አይደለም። ገበሬው ዘሩን ሲበትን እህሉን ጣልሁ ብሎ አያለቅስም፤ ነገር ግን ዘሩ ከጎተራው መጕደሉ እውነት ነው፥ በክረምትም ቤተሰቡ ጠግቦ ላይበላ ይችላል። የክርስቲያን ኀዘን እንዲህ ያለ ነው። ጕድለቱ እውነት ነው፤ መከሩም እውነት ነው።

ይህን ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋው መስማት ለሚሞት ሰውና ለሚያለቅሱለት ታላቅ ነገር ነው፥ ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነውና። ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተሰርቆ፥ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ነጻ ወጣ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ከዚያም አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉ በሙሉ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ፥ ብዙ ተቃውሞ እየደረሰበት እስከ ዕለተ ሞቱ አስተማረ፤ በዚያም ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐረፈ። ከአባቱ አገር በግድ የተነጠቀ ሰው የትንሣኤን ወንጌል ለወገኖቹ በገዛ ቋንቋቸው ይዞ መመለሱ፥ በእኔ ግምት ስለ እርሱ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰዎች ወደሚጨነቁበት ጥያቄ እንምጣ። በወጉ ያልተቀበረ ሰው፥ ያልተለቀሰለት፥ መቃብሩም ያልታወቀ፥ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በተነሣ ጊዜ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። በደርግ ዘመን በብዙ ቤት እናት የልጅዋን ሬሳ ሳታገኝ ቀረች። ባለፉት ዓመታትም በወለጋ በሆነው ግጭት ምክንያት ወገኑን በወጉ ቀብሮ ማልቀስ ያልቻለ ሰው አለ።

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ነገር ለዚህ መልስ ይሰጠናል። ቄስ ጉዲና በቦጂ ተወልደው፥ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተው፥ በኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከአገር እንዲወጡ ቢለመኑም እንቢ ብለው ከምእመናኑ ጋር ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተይዘው ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያ ሌሊት ተለቀቁ፤ ቄስ ጉዲና ግን ተገደሉ፥ አስከሬናቸውም ተሰወረ። ወይዘሮ ፀሐይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ታስረው ዐሥር ዓመት በወኅኒ ቈዩ። አጽማቸው የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፥ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበሩ። ከሞታቸው እስከ ቀብራቸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሆነ።

በእነዚያ ዐሥራ ሦስት ዓመታት ሰልስት አልተደረገም፥ አርባ አልተቈጠረም፥ በመቃብር ላይ የጸለየ ሰው የለም። ታዲያ ጌታው ባሪያውን ረስቶት ነበርን? በባሕር የሰመጠውን፥ አውሬ የበላውን፥ በእሳት የተቃጠለውን የሚያስነሣ አምላክ፥ ሰው የሰወረውን መቃብር ያውቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 በቦጂ በእሳት አደጋ የሞተው ገብረ ኤዎስጣቴዎስም፥ በዚያ ምድር ከኦነሲሞስ አስቀድሞ የሰበከ እርሱ፥ በዚሁ ተስፋ ያረፈ ነው። እንግዲህ የቀብር ሥርዓት ለሟቹ መዳኛ አይደለም፤ ለፍቅርና ለክብር የሚደረግ፥ ለቀሩትም መጽናኛ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን አናቃልለውም። ቄስ ጉዲናን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በክብር መቅበር ትክክል ነበረ። የሰው ሥጋ የሚነሣ ሥጋ ነውና ሊከበር ይገባዋል።

ቀድሞ በብዙ ስፍራ የወንጌል አማኞች በደብር አጥር ግቢ እንዳይቀበሩ ተከልክለው ኀዘናቸው እጥፍ ሆኖባቸው ነበር። ይህን የቀመሰ ሁሉ ዛሬ በተራው የማንንም ጎረቤት ሬሳ በሃይማኖቱ ምክንያት ከመሸኘት አይቅር። ኦርቶዶክሱም፥ እስላሙም፥ የወንጌል አማኙም በአንድ እድር ሆኖ ድንኳን የሚተክል፥ ሳንቃ የሚሸከም ከሆነ፥ ክርስቲያን ከዚያ መካከል የሚጠፋበት ምክንያት የለውም።

ስለ ተዝካር ደግሞ በጥንቃቄ እንናገር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሟቹ ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል፤ በሦስተኛው፥ በሰባተኛው፥ በዐሥራ ሁለተኛው፥ በሠላሳኛው፥ በአርባኛው፥ በሰማንያኛው ቀን፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ይታሰባል። ከነዚህ ሁሉ አርባው የከበረ ነው። እኛ ከመጽሐፍ እንደ ተማርነው የሰው ፍርድ ከሞተ በኋላ በድግስም በክፍያም አይለወጥም (ዕብራውያን 9፥27)፤ በዚህ ከእነርሱ እንለያለን። ሆኖም ተዝካር ድሀ እንዲበላበት የታሰበ መሆኑን አንካድ፤ በሟች ስም ችግረኛን ማብላት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ክፉው ድግሱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ይህም ዕዳ ኦርቶዶክሱን ብቻ አይይዝም፤ የወንጌል አማኞችም ስሙን ለውጠው «የምስጋና ቀን» ብለው በዚያው ልክ ሲደግሱ እናያለን፥ ስለዚህ ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር።

አንድ አባወራ በግንቦት ሞተ እንበል። ሁለት በሬ፥ አንዲት ላም፥ አራት ልጆች ትቶአል። ዘመዶች ተሰብስበው፥ የእገሌ አባት እንደ ውሻ ተቀበረ እንዳይባል ብለው ከጥማዱ አንዱን በሬ ያርዳሉ፤ ለጠላውና ለእንጀራው እህል በብድር ይመጣል። እንግዳው በልቶ፥ አመስግኖ ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት የለም፤ ማሳው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፥ ከመከሩም እኩሌታው ይሄዳል፥ ከቀረውም አበዳሪው ይወስዳል። በሁለተኛው ዓመት ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ለሰው ከብት ይጠብቃል። ሟቹ ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ? በሕይወት ቢሆን ኖሮ በሬው ላይ ቢላዋ ሲነሣ እጃቸውን ይይዝ ነበር። ባልቴቲቱ ግን አፍ የላትም፤ እንቢ ብትል ባልዋን ያልወደደች ትባላለች። ስለዚህ እንቢ የማለቱ ነገር የእርስዋ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የታላላቅ ዘመዶች ሥራ ነው። እነርሱ በቀብሩ ዕለት፥ ሕዝቡ ሳይበተን፥ በዚህ ቤት ከብት አይታረድም ብለው ቢናገሩ ነቀፋው በእነርሱ ላይ ይሆናል፤ እነርሱም ሊሸከሙት ይችላሉ።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ የሟቹ ወንድም ሚስቲቱን ከንብረቱ ጋር እንደ ውርስ ሊይዛት ይፈልጋል፤ ባትወድ ከቤትዋ ትወጣለች። የሙታንን ትንሣኤ የሚያምን ሰው ወንድሙን በፍርድ ቀን ፊት ለፊት እንደሚያገኘው ያውቃል። ያን ጊዜ ልጆቼን ምን አደረግሃቸው ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰውን ከአሁኑ ያስብ።

በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ የሟች መንፈስ ኤከራ ይባላል፤ እርሱ እንዳይቈጣ እየፈሩ ምግብ የሚያኖሩለት፥ ሕመም በደረሰ ጊዜም ኤከራውን የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ፥ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የሞተውን አባት ማሰብና ማክበር መልካም ነው። መፍራት ግን አይገባም፤ በጌታ እጅ ያለ ሰው ልጆቹን ለማስታመም ወይም ለመቅጣት አይመላለስም፤ በጌታ እጅ የሌለውም ቢሆን ሥልጣን የለውም። ሲፈሩ ለኖሩ ሰዎች ይህን ስንነግራቸው በመሳለቅ አይሁን።

አንድ ነገር ገና አልተነገረም፤ ይኸውም ስለ ሕመምተኛው ነው። «ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል» እንደሚባለው፥ የሚሞተውን ሰው ትድናለህ፥ ምንም የለብህም እያልን እስከ መጨረሻው እናታልለዋለን። ሐኪሙ ለዘመድ የነገረው ከበሽተኛው ይሰወራል። ይህን የምናደርገው በርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ከአምላኩ ጋር የሚነጋገርበትን፥ ከተጣላው ወንድሙ ጋር የሚታረቅበትን፥ ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበትና ንብረቱ ለማን እንደሚሆን በምስክር ፊት የሚናገርበትን ጊዜ እንሰርቅበታለን። በኋላ በልጆቹ መካከል የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ከዚህ ዝምታ የተወለደ ነው። በድንገት፥ በጭካኔ ይነገረው አንልም። የሚወደው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፥ እጁን ይዞ፥ አስቀድሞ መዝሙር 23ን አንብቦለት፥ ሲጠይቅ እውነቱን ይመልስለት። ብዙ ሕመምተኛ ከነገሩት ሰዎች አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው ከእርሱ ጋር ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው።

ለልቅሶ ስትሄድ ብዙ ቃል አታብዛ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለህ ተቀመጥ። የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ የተቀመጡ ጊዜ ነው፤ መናገር በጀመሩ ጊዜ ተሳሳቱ። እግዚአብሔር ለበጎ ነው የወሰደው፥ ሌላ ልጅ ይሰጥሻል የሚል ቃል ለእናት አይነገራትም። ከድንኳኑ መፍረስ በኋላ ባሉት ሳምንታት፥ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰ ጊዜ፥ ያን ጊዜ ተመልሰህ ሂድ። ቤቱ ገበሬ ያጣ ከሆነ ሰዎች ደቦ ጠርተው፥ እያንዳንዱ ጥማዱን ነድቶ፥ የሚችልም ጥቂት ዘር ይዞ፥ ሰኔ ሳያልቅ በማለዳ በማሳው ላይ ይገናኙ፤ ምሳቸውንም ከየቤታቸው ይዘው ይምጡ፥ ባልቴቲቱ ለእነርሱ የምትጋግረው እንዳይኖር።